የውጫሌ ልጆች ሆነን

ያገሬ ሰው፣ የወሎ ልጅ፣ ስማኝ። ደሴ ላይ በተጠራ አንድ የመራጮች ስብሰባ የሳቅነውን ሳቅ እስካሁን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

መድረክ ላይ የነበረው ሰው የአንድ የውጭ አገር ምርጫ ኮሚሽን ከምርጫ ቦርዳችን ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማል አለን። ልምድ መለዋወጥ፣ ሥልጠና። እስከዚህ ደግ። ቀጥሎ «ስለዚህ ድምፃችሁ በዓለም አቀፍ ሕግ ተጠብቋል» ሲል ግን አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንድ አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ልጄ፣ ወረቀቱ ባይፈጸም እኔ ማንን ከስሼ የት እቆማለሁ?» «አብሽሩ አባባ!» አላቸው ባለ መድረኩ። ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ሕግ የተማርሁት፣ መልሱን የማውቀው እኔ! ሰውየው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ተከትሏቸው የወጣ አልነበረም።

መልሱ «የትም» ነበር። የመግባቢያ ሰነድ ሁለት መሥሪያ ቤቶች እንተጋገዝ የተባባሉበት ቃል ነው፤ ብዙውን ጊዜ አስገዳጅ አለመሆኑን ራሱ ይጽፋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል የሚያደርገው ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ማጽደቁም በአንቀጽ 55(12) የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው፤ የመሥሪያ ቤት ፊርማ ብቻውን በዚያ በር አያልፍም። የእኒያ አባት መብት አንቀጽ 38 ላይ ተጽፏል። አቤት የሚሉበትንም መንገድ የምርጫው አዋጅ፣ ቁጥር 1162/2011፣ ይዞታል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ያልተነበበ ወረቀት ላይ ማጨብጨብ ሌላው ቢያደርገው እሺ። እኛ? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ያ ውል የተፈረመው እዚሁ ውጫሌ አይደለም? አንቀጽ 17 ላይ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ያለውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ የአንዲት ግስ ጣጣ ዐድዋ ድረስ አደረሰን። ይህን ከአቦል እስከ በረካ ስናወራ እናመሻለን፤ አዳራሽ ስንገባ «ይቻላል» ነው ወይስ «ይገባል» ብሎ የጠየቀውን ብቸኛ ሰው በሳቅ አባረርን። አፈርሁባችሁ። በራሴ ግን ይብሳል፤ እናንተ ባለማወቅ ነው የሳቃችሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ምርኩዝ የያዘ ሁሉ እሳቸው ይመስለኛል። ሌላ ስብሰባ ይጠራል፤ ስብሰባ መቼ ጠፍቶ ያውቃል። ከመጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥያቄያቸውን እኔ አነሳዋለሁ። ያኔ እስክጨርስ ብቻ አትሳቁ፤ ይህን ያህል እንኳ አታጡም ይሆናል።