«ወንበር አማረሽ?» ያልናቸው መምህርት

ወገኖቼ፣ አንዲት መምህርትን በአንድ ቃል ከአዳራሽ አስወጥተናል። እኔም ነበርኩበት። ይህን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

ለሰፈር ጉዳይ ተሰብስበን ነበር። ሊያበቃ ሲል እጃቸውን አወጡ። ልጆቻችንን ሒሳብ ያስተማሩ ሴት ናቸው። የያዙት የድጋፍ ፊርማ ቅጽ ላይ ስማቸው በሰማያዊ ቀለም ከላይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያሉት መስመሮች ባዶ ናቸው። «በመጪው ምርጫ በግል ዕጩነት ልወዳደር አስቤአለሁ፤ ፊርማችሁን ልለምን ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ከኋላ አንዱ፣ «ደግሞ አንቺም ወንበር አማረሽ? ወይ የሥልጣን ጥማት!» አለ። አዳራሹ አውካካ። ቅጹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ እንደ ሄደ ባዶውን ተመለሰ። ለሁለት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውን ወጡ። ያመሰገኑን እኛን ነው!

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሰው ተነሣና፣ «እኔ ሥልጣን የሚባል ነገር አልሻም፤ ሕዝብ ካስገደደኝ ግን ምን አደርጋለሁ» አለ። አጨበጨብንለት። ፍላጎታቸውን በአደባባይ የተናገሩትን ጥመኛ፣ የሸሸገውን ትሑት አልን።

ጥርጣሬያችን ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ሹመት ከላይ በሚወርድበት ዘመን ፈላጊው ደጅ ጠኚ ነበር፤ ከጌታ ደጅ ዓመታት ቆሞ ይጠብቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም። መምህርቷ ግን የጠኑት የእኛን ደጅ ነው! «ዕጩ» እኮ የማጨት ልጅ ነው፤ ከእጮኛ ጋር አንድ ቤት ያደገ ቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 38 መምረጥንና መመረጥን ጎን ለጎን ነው ያስቀመጣቸው። የሚመረጥ ሰው እንዳይነሣ በስድብ ካባረርን ማንን ልንመርጥ ነው? ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ እንጠይቃቸው፣ እናፋጥጣቸው፣ ካልጣሙን እንተዋቸው። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅናቸውም።

እኔ ደግሞ ቃላት እንጀራዬ የሆኑ ሰው ነኝ። ያ ቃል የት እንደሚያርፍ ከተናጋሪው ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። ቅጹ እጄ ሲገባ ብዕር በደረት ኪሴ ነበር። ጎረቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። አሳለፍኩት። ልጄ የማባዛት ሠንጠረዥን በቃሏ የያዘችው ከእሳቸው ዘንድ ነው፤ እኔ ግን አንድ ፊርማ ነፈግኳቸው።

ሰሞኑን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ለመጠየቅ ጀምሬ ቃል አጠረኝና፣ «ያ ቅጽ አለ?» አልኳቸው።

«አለ፤ ቀኑ ግን አለፈ።»

«ለሚቀጥለውስ?»

የደብተሩን ክምር ከአንዱ ክንዳቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። እሺም፣ እምቢም አላሉኝም።