የኡራሶኤ ኮረብታ ታሪክ ከገደሉ አይጀምርም

የጃፓን ደቡባዊ ደሴት የኦኪናዋ ዋና ከተማ ናሃ ናት። ከናሃ ጋር ድንበር የምትጋራው ኡራሶኤ ደግሞ ከራስጌዋ ረዘም ያለ የኖራ ድንጋይ ኮረብታ ተዘርግቶላታል። በኮረብታው አናት ላይ የጥንት ነገሥታት ቅጥር ፍርስራሽ አለ። ከቅጥሩ ዝቅ ብሎ፣ የሰሜኑን ገደል ታክኮ፣ የሁለት ነገሥታት መቃብር ይገኛል። በዚያው ገደል ሌላ ጫፍ ላይ በ1945 አሜሪካኖችና ጃፓኖች እጅ ለእጅ ተናንቀዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ሦስቱንም በግማሽ ቀን የእግር ጉዞ ማዳረስ ይቻላል።

ከውጭ የሚመጣው ጎብኚ ግን በብዛት የሚመጣው ለገደሉ ነው። አሜሪካኖች ሀክሶ ሪጅ ብለው በሚጠሩት በዚህ ቦታ ላይ ጠመንጃ ሳይዝ ስለዘመተው ስለ ዴዝመንድ ዶስ የሚተርክ ፊልም በ2016 ከወጣ ወዲህ፣ ያን ገደል በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በርክቷል። መምጣታቸው ደግ ነው። የምቃወመው ገደሉን አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ ከጀርባው ያለውን ሳያዩ መመለሳቸውን ነው። ቦታው የጦር ሜዳ የሆነው ለጥቂት ሳምንታት ነው፤ የሰው መኖሪያና የነገሥታት መናገሻ ሆኖ የኖረው ግን ለመቶዎች ዓመታት ነው። ጉዞው ከነገሥታቱ ካልጀመረ በጦርነቱ ምን እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም።

ኦኪናዋ የጃፓን ግዛት የሆነችው በ1879 ነው። ከዚያ በፊት ሪዩክዩ የሚባል ራሱን የቻለ መንግሥት ነበረች። ከቻይና፣ ከኮሪያ፣ ከጃፓንና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር እየነገደች የበለጸገች የባሕር አገር ነበረች። ዛሬ ስሙ የገነነው ናሃ ውስጥ ያለው የሹሪ ቤተ መንግሥት ነው። ከሹሪ በፊት ግን መናገሻው ኡራሶኤ እንደነበር ያስረዳው፣ የኦኪናዋ ጥናት አባት የሚባለው ኢሃ ፉዩ ነው። መቃብሩም እዚሁ ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። በድንጋዩ ላይ እንደ እሱ ኦኪናዋን ያወቀ፣ እንደ እሱ የወደዳት፣ እንደ እሱም ስለ እሷ የተጨነቀ ሰው የለም የሚል ቃል ተቀርጿል። ኢሃ የሞተው በ1947 በቶኪዮ ነው፤ የወደዳት አገር በእሳት ስትጠፋ በሩቅ ሆኖ ሰምቷል። ጉዞው ከዚህ መቃብር አጠገብ ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ አንድ አገር ለአንድ ምሁር እንዲህ ያለ ስፍራ ስትሰጥ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ከቅጥሩና ከመቃብሩ አፈር ውስጥ የወጡ የጣሪያ ሸክላዎች አሉ። አንዳንዶቹ ላይ የኮርዮ፣ ማለትም የጥንቷ ኮሪያ ሸክላ ሠሪ እንደሠራቸው የሚናገር ጽሑፍ ታትሟል። በዚያ ዘመን የዚህች ትንሽ ደሴት ንጉሥ ባለሙያ ከባሕር ማዶ አስመጥቶ ያሠራ ነበር ማለት ነው።

ከቅጥሩ ወርደን መቃብሩ ጋ እንድረስ፤ ዮዶሬ ይባላል። በሪዩክዩ ዜና መዋዕል መሠረት ያሠራው ንጉሥ ኤይሶ ነው፣ በ1261። ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ድሮ አለቱን ሰንጥቆ የሚያልፍ ጨለማ በር ነበረው። ሐዘንተኛው ከብርሃን ወደ ጨለማ ይገባል፣ ከጨለማው ሲወጣ ከሟቾቹ ግቢ ይደርሳል። የበሩ ጣሪያ በጦርነቱ ወድሞ ዛሬ መተላለፊያው ሰማይ እያየ ነው የሚታለፈው። ከዚያ ወዲያ በድንጋይ የታጠረ ጸጥ ያለ ግቢ ይመጣል፤ በገደሉ ፊት ሁለት መቃብሮች ጎን ለጎን ተፈልፍለው ፊታቸው በተጠረበ ድንጋይ ተዘግቷል። የምዕራቡ የኤይሶ፣ የምሥራቁ የንጉሥ ሾ ኔይ ነው። ውስጥ መግባት አይፈቀድም፤ ነገር ግን እዚያው አቅራቢያ ባለው አነስተኛ ሙዚየም የምዕራቡ ክፍል በእውነተኛ መጠኑ ተሠርቶ ይታያል። የነገሥታቱ አጽም ያረፈባቸው ሣጥኖች ከቻይና ከመጣ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ጎናቸው ላይ የቡድሃ እምነት ምስሎች ተቀርጸዋል። ጎንበስ ብሎ ቀረጻውን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ኮረብታውን ገደል ብቻ ብሎ ለመጥራት አንደበቱ እሺ የሚለው አይመስለኝም።

የሾ ኔይ ነገር ሰፋ ብሎ መነገር አለበት። ሾ ኔይ የኡራሶኤ ልጅ ነው። በ1597 ከሹሪ እስከ ኡራሶኤ ድረስ በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ አሠራ፤ ለዚያም የመታሰቢያ ድንጋይ ቆመ። በ1609 ከደቡብ ጃፓን የሳትሱማ ጦር፣ ሦስት ሺህ ያህል ሰው ሆኖ ወረደ። ሪዩክዩ ሊመክተው አልቻለም። የኡራሶኤ ቅጥር ተቃጠለ፣ ንጉሡም ተማርኮ ወደ ጃፓን ተወሰደ። በ1611 ወደ አገሩ የተመለሰው ለሳትሱማ ታማኝ ሊሆን ቃለ መሐላ ከፈረመ በኋላ ነው። ከሹማምንቱ አንዱ፣ ጃና ኡዌካታ፣ አልፈርምም ብሎ አንገቱን ተቀልቷል። ሾ ኔይ በ1620 ሲሞት ሹሪ ባለው የነገሥታት መቃብር አልተቀበረም፤ ያረፈው እዚህ በዮዶሬ ነው። ሕዝቡ ሲያወራ ንጉሡ አገሩን ስላስደፈረ ከአባቶቹ ጎን ለመተኛት አፈረ ይላል። እኔ የሚያሳምነኝ ሌላው ነው፦ በዚያው ዓመት የቆመው ድንጋይ ንጉሡ ራሱ ዮዶሬን እንዳሳደሰ ይመሰክራል፤ ሰውየው የተመለሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ነው። ጥሩ አስጎብኚ ግን ሁለቱንም ይናገራል። ሕዝብ ስለ ተሸነፈ ንጉሡ የሚያወራው ነገር የራሱን ቁስል ስለሚያሳይ መሰማት አለበት።

እንዲህ ካለው ጉዞ በኋላ ነው ወደ 1945 መምጣት የሚገባን። አሜሪካኖች ኤፕሪል 1 በደሴቲቱ መካከለኛ የባሕር ዳርቻ አረፉ። የጃፓን 32ኛ ጦር ዋና ማዘዣውን ከሹሪ ቤተ መንግሥት ሥር በተቆፈረ ዋሻ ውስጥ አድርጎ ነበር፤ የኡራሶኤ ኮረብታ የሹሪ ጋሻ ሆነ። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ አናቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲለዋወጥ ሰነበተ። ጃፓኖች በአለቱ ውስጥ ከፈለፈሏቸው ዋሻዎች እየወጡ ያጠቁ ነበር። አሜሪካኖች ደግሞ ገደሉን በመሰላልና በገመድ መረብ ይወጡ ነበር።

ዶስ በዚህ መካከል የነበረ የሕክምና ረዳት ነው። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት አማኝ ስለነበር መሣሪያ አልይዝም ብሎ ነው የዘመተው። ጓዶቹ ተመትተው ሲያፈገፍጉ እሱ አናቱ ላይ ቀርቶ ቁስለኞቹን አንድ በአንድ በገመድ አስሮ ቁልቁል አወረደ። እሱ ሃምሳ ይሆናሉ አለ፣ ሌሎች መቶ ናቸው አሉ፣ በመጨረሻ መዝገቡ ላይ 75 ተብሎ ሰፈረ። እኛም አገር ብዙ የእምነቱ ወንድሞችና እህቶች ስላሉት ስሙ እንግዳ አይደለም። ለዚህ ሰው ያለኝ ክብር ሙሉ ነው።

ነገር ግን በዚያው ኮረብታ ዙሪያ በነበረው የኡራሶኤ መንደር ከዘጠኝ ሺህ ትንሽ ከሚበልጠው ሕዝብ ከአራት ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ከብዙ ቤተሰብ አንድም ሰው አልተረፈም። በመላ ኦኪናዋ ደግሞ ከአራት ሰው አንዱ እንደሞተ ይገመታል። ሰዎች የቤተሰብ መቃብራቸውን ከፍተው ከአባቶቻቸው አጽም ጋር ተደበቁ፤ በኦኪናዋ መቃብር ሰፊ የድንጋይ ቤት ነውና። ወታደሩ ቦታውን ሲፈልገው እነሱን እያስወጣ ወደ ጥይቱ ሰደዳቸው። የጃፓን ጦር በኦኪናዋ ቋንቋ የሚናገር ሰው እንደ ሰላይ ተቆጥሮ ይቀጣል የሚል ትእዛዝም አውጥቶ ነበር። የራሱን የአፍ መፍቻ ቋንቋ በመናገሩ፣ ይጠብቀኛል ባለው ጦር እጅ የሚሞት ሰው ታሪክ በየትኛው የገደል ፎቶ ይታያል?

ሰሌዳ ይበቃል የሚል ሰው ይኖራል። በ2012 በሹሪ የሆነውን ላስታውስ። የኦኪናዋ አስተዳደር ስለ 32ኛው ጦር ዋሻ የሚያስረዳ ሰሌዳ ሊያቆም ባለሙያዎች ጽሑፉን አዘጋጁ። በረቂቁ ውስጥ ለወታደሮች መጠቀሚያ በተደረጉ ሴቶች ላይና በሰላማዊ ነዋሪዎች ግድያ ላይ የሚናገሩ ቃላት ነበሩ፤ አስተዳደሩ ሁለቱንም አውጥቶ ሰሌዳውን አቆመ። አዘጋጆቹ ተቃወሙ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ ሰሌዳው ግን ቃላቱ ወጥተውለት ቆመ። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈውን የሚወስነው የሥልጣን ወንበር ላይ ያለው ሰው ነው። አያቱ በዚያ መቃብር ውስጥ የተደበቀችበት አስጎብኚ ፊት ለፊት ቆሞ ሲናገር ግን ማንም አርታኢ አይገባበትም፤ ጎብኚውም ያልገባውን ይጠይቀዋል። ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት አረጋውያን እያለቁ ነው። ከእነሱ የሰሙት ልጆችና የልጅ ልጆች በእግር እየመሩ ካላስተላለፉት፣ የሚቀረው ሰሌዳውና ፊልሙ ነው።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ኮረብታው እረፍት አላገኘም። ከቅጥሩ የተረፈው ድንጋይ ለግንባታ እየተፈለጠ ተወሰደ። ዮዶሬ አሁን ያለውን መልክ ያገኘው በ2005 በተጠናቀቀው እድሳት ነው። ከአናቱ ቁልቁል ሲታይ በባሕሩ ዳር የአሜሪካ ጦር ሰፈር ተዘርግቷል፣ በሰሜን በኩል የፉቴንማ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የጃፓንን የቆዳ ስፋት አንድ በመቶ እንኳ የማትሞላው ኦኪናዋ፣ በአገሪቱ ለአሜሪካ ጦር ብቻ ከተሰጠው መሬት ሰባ በመቶ ያህሉን ተሸክማለች። አስጎብኚ ይህንን ካላሳየ ጉዞውን በመሃል አቋርጦታል እላለሁ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም አንድ ቀጭን ክር አለ። በ1951 ኮሪያ የደረሰው የቃኘው ሻለቃ የተመደበው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ እግረኛ ሬጅመንት ሥር ነበር። ያ ክፍለ ጦር ከስድስት ዓመት በፊት በኦኪናዋ ምሥራቃዊ ክንፍ የተዋጋው ነው። አባቶቻችን ጎን ለጎን የተሰለፉበት ጦር ከዚህች ደሴት አልፎ የመጣ ስለሆነ፣ የቃኘውን ታሪክ የሚያጠና ወጣት ኦኪናዋንም ቢያነብ አንዱን ጦር ከሁለት ወገን ያየዋል፤ ከወታደሩ ወገንና በመንደሩ ጦርነት ከተደረገበት ገበሬ ወገን።

ጉዞ የሚያዘጋጁ ድርጅቶች፣ በተለይም ወጣት ወታደሮችን ወደዚያ ገደል የሚያመጡ አሜሪካውያን፣ መንገዱን ይቀይሩት። መጀመሪያ የኢሃ ፉዩ መቃብር፣ ቀጥሎ ሙዚየሙና ዮዶሬ፣ ከዚያ ገደሉ። ለአካባቢው አስጎብኚ በቂ ሰዓትና በቂ ክፍያ ይሰጥ፤ አስተርጓሚም ይመደብለት። የኦኪናዋ አስተዳደር በሹሪ ሥር ያለውን የጦር ማዘዣ ዋሻ ለሕዝብ ለመክፈት እየተዘጋጀ ነው፤ እዚያም የመጀመሪያው ቃል የአካባቢው ሰው እንዲሆን፣ በ2012 ከሰሌዳው የወጡት ሁለት ጉዳዮችም በመክፈቻው ቀን በግልጽ እንዲነገሩ ከአሁኑ መወሰን አለበት።