መልክ ታጥቦ አይጠጣም

ቅዳሜ ጠዋት ከጂም ወጥተን ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ነው ክርክሩ የተነሳው። መነሻው የጂሙ ሚዛን ነው። አንደኛዋ ስትወጣበት 58 አለ። ባለፈው ሳምንት 59 ነበረች። ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ፎቶ አነሳችው። ሌላኛዋ 79 ናት። እሷ ሚዛኑን ዞር ብላም አላየችው፤ የዚያን ዕለት 80 ኪሎ ብረት ከመሬት አንስታ ቀጥ ብላ ቆማለች።

«እኔ አንቺን ብሆን ብረቱን ትቼ እራት አቆማለሁ» አለች ባለ 58ቷ።

«ለምን?»

«ኪሎሽ አልቀነሰማ!»

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም፣ እህቴ።»

ባለ 58ቷ ማስረጃ አለኝ ብላ ስልኳ ላይ የቢኤምአይ ማስያ ከፈተች፤ ክብደት ከቁመት ጋር መመጣጠኑን የሚያሰላ ነው። «ይኸው፣ ከ25 በላይ ወፍራም ነሽ ይላል። ሳይንስ ነው!» ሌላ ነገር ትጨምራለች ብለን ብንጠብቅ በቃ፣ ይኸው ነው።

ስሌቱ ክብደትን ለቁመት ካሬ ማካፈል ነው። ያወጣው ኬትሌ የሚባል ቤልጅየማዊ የስታቲስቲክስ ሰው ነው፤ በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ.። ሐኪም አልነበረም። የሚያጠናው «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል ነበር። ስሌቱ ጡንቻን ከስብ አይለይም። እራት እየዘለሉ የሚያወርዱት ኪሎ ደግሞ ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሳምንትማ አብዛኛው ውሃ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ ሰው አጥንቶ፣ በእጅ ጨብጦ የመያዝ ኃይል ከደም ግፊት በተሻለ ለሞት ማን እንደሚቀርብ እንደሚጠቁም አሳይቷል። ይህን ብነግራት «እሱ ለሽማግሌ ነው» አለችኝ።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም!» አለች ያቺ፣ ጁሷን እያማሰለች።

ሦስታችንም አንድ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ሊፍት የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ባለ 79ኟ አራተኛ ፎቅ ናት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በግራም በቀኝም አንጠልጥላ ትወጣለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንዴ ታስቀምጣለች፣ መዳፏን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ትቀጥላለች። ባለ 58ቷ ሁለተኛ ፎቅ ሆና ለአንዲት ጀሪካን ዘበኛውን ትጠራለች። ባለፈው ወር ደረጃው ላይ አዙሯት ደግፈን ያስገባናት እኛው ነን። እራት ከተወች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

እንግዲህ ፍርዴን ከሰጠሁ ቆየሁ። ጤና የሚለካው በምትሸከመውና በምትወጣው ነው እንጂ ሚዛን ላይ በሚታየው ቁጥር አይደለም። ግን እሷን ብቻ ምን ልበላት? ድሮ «ከሳሽ» ከተባልሽ «ምን ነካሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ይከተል ነበር። አሁን ምርቃት ሆኗል። ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም ከሰላምታ በፊት ኪሎሽ ነው የሚወራው። ሁሉ ነገር ለዓይን ሆነ!

የግቢያችን ኮሚቴ ዘንድሮ መዋጮ ሰብስቦ የአጥሩን በር ቀለም አስቀባ። ስብሰባው ላይ ተነስቼ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም፣ መጀመሪያ ፓምፑ ይሠራ» ብል፣ «ግቢው ለእንግዳ ማማር አለበት» ተባልኩ። በሩ አምሯል። ፓምፑ ከተበላሸ ስምንት ወሩ ነው፤ ሮቶው ባዶ ነው። አራስ ልጅ ያላቸው እናቶች አሁንም ጀሪካን ይዘው ደረጃውን ይወጣሉ።