ያ ጥቁር አሸዋ የማን ነው?

የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሰዎች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። የመርካቶና የፒያሳ ሰዎችም ብትሰሙኝ አልጠላም። «የሚመለከተው አካል» የሚባለውን ለጊዜው ተዉት። እሱን መውቀስ ለምደነዋል፤ ደግሞም አያደክምም።

ባለፈው ክረምት አንድ ገልባጭ መኪና በሌሊት መጥቶ፣ ግንባታው በቆመ ፎቅ አጥር ሥር ጭነቱን ደፍቶ ሄደ። ጠዋት ወጥተን ስናይ ጥቁር አሸዋ ነው። ሲነኩት እጅ ያጠቁራል። መሀል መሀሉ የብረት ፍንጣሪና የደረቀ ጓል አለው። ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ የብረት ማቅለጫ አሸዋ ነው። አሸዋውን ከሸክላ አፈርና ከከሰል ዱቄት ጋር አርጥበው ቅርጽ ያወጡበታል፣ የቀለጠውን ብረት ያፈሱበታል፣ ከዚያ ሰብረው እንደገና ይሠሩበታል። እሳቱ ደጋግሞ ሲያደክመው ይጣላል። መጣሉስ ይሁን፤ ግን እኛ ደጃፍ?

ማን እንዳመጣው የጠየቀ አልነበረም። ክምሩ እዚያው ተቀመጠ። ልጆች ወጡበት። አንዱ «ጥሩ ነው፣ ጭቃውን ይሸፍንልናል» ሲል ሳቃችሁ።

ከዚያ ያ ዝናብ መጣ። ክምሩን እየሸረሸረ ወደ ቱቦው አስገባው። አሸዋ እንደ ፌስታል አይንሳፈፍም፣ ታች ይረጋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ዞሮ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩት እናት ቤት ገባ። በርሜል ሙሉ ሊጥ ነበራቸው፤ ለማግስቱ ለምግብ ቤት የሚያስረክቡት። ጥቁር ውሃ ገባበት። ጤፍ በዚህ ዋጋ! ፍራሹ ራሰ፣ ምጣዱም ተበላሸ። እሳቸው በር ላይ ቆመው «ኧረ በእመቤቴ፣ ድረሱልኝ» ይላሉ።

ደረሳችሁላቸው? ስልክ አወጣችሁ። በረንዳ ላይ ቆማችሁ ቀረጻችሁ። ሲመሽ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ነበር፣ ያውም የሚያስቅ ሙዚቃ ተጭኖበት። ቱቦው ውስጥ ገብቶ በእጁ አሸዋ ሲዝቅ የነበረው አንድ ሊስትሮ ልጅ ብቻ ነው። አካፋ እንኳ ያቀበለው የለም። አንድ በዕድሜ የገፉ፣ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ የምሳለማቸው ሰው ደግሞ «እሷም ቤቷ ዝቅ ያለ ነው» አሉ። ይህችን ቃል መርሳት አቅቶኛል። ጎርፉን እረሳው ይሆናል፤ ይህችን ግን አልረሳም።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። በዚያው ሳምንት፣ እዚያው መንገድ ዳር፣ ለሌላ ፎቅ አሸዋ ተራገፈ። ከስምጥ ሸለቆ ተቆፍሮ፣ ነዳጅ አቃጥሎ የመጣ አሸዋ። ፎርማኑ «አሸዋ እኮ እሳት ሆነ» እያለ ያማርራል። ያን ሁሉ ሲናገር ጥቁሩ ክምር ከጀርባው ነበር።

ዝም ብላችሁ ብሎኬት ውስጥ ጨምሩት ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም፣ እሱም ከደፊው አይሻልም። በአሸዋው ውስጥ ያለው ሸክላና ደቃቅ ዱቄት ውሃ ይጠጣል፤ ሳይለካ ሲበዛ ኮንክሪቱን ያደክመዋል። ነሐስ የቀለጠበት ከሆነ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ ወደ ውሃ ከወረደ የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይመረመራል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጉዳዩን መርምሮ፣ ከብረት፣ ከአረብ ብረትና ከአሉሚኒየም ማቅለጫ የወጣው የሲሊካ አሸዋ ለመንገድ ሥር ንጣፍና ለአፈር ማዘጋጃ ሊውል እንደሚችል ተናግሯል። የነሐሱን ግን ከዚህ አውጥቶታል። ሌላ አገር የተቀበረ ቱቦ ዙሪያ ይሞሉበታል፣ አስፋልት ውስጥ ይገባል፣ ኮንክሪት ውስጥም የተለመደውን አሸዋ በከፊል ይተካል። ለእኛ የተረፈው ቱቦ መድፈኑ ነው።

አናውቅም እንዳንል እናውቃለን። ምናለሽ ተራ የሚጣል ቆርቆሮ የለም። ቆራሌው በየበራችን እየጮኸ ያልፋል። ዋጋ ያለው የሚመስለን ግን የሚሸጠው ብቻ ነው። የማይሸጠውን ጨለማ ተገን አድርገን ጎረቤት ላይ እንደፋለን። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ቆሼ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀበር አልቅሰን ነበር። ለቅሶው ምን አስተማረን?

የማቅለጫ ቤት ባለቤቶች፣ የብረቱን ከነሐሱ ለይታችሁ፣ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ኮንትራክተሮች፣ ከመግዛታችሁ በፊት ቅርብ ያለውን ጠይቁ፣ አስመርምሩም። እኛ ነዋሪዎች ደግሞ ሌሊት ገልባጭ ስናይ መስኮት ከመዝጋት ወርደን ሾፌሩን «ከየት ነው?» እንበለው። ታርጋውንም እንያዝ። ይህ ጀግንነት አይጠይቅም።

ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙም አልጠብቅም፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ደክሞኛል። ግን አምስት ኪሎ፣ ምህንድስና ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ጥንካሬውን ለመፈተን ኮንክሪት እየሰበሩ በየዓመቱ የሚመረቁ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ሥራ አጥተው ካፌ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። ከእነሱ አንዱ የማቅለጫ ቤት በር አንኳኩቶ «ይህን አሸዋ ከምትጥሉት ለእኔ ስጡኝ፣ ልመርምረው» የሚልበት ቀን ይመጣል ብዬ አስባለሁ። ዘበኛው ካስገባው።