ሐዘንተኛው ተጫራች

ባለፈው ማክሰኞ ማታ፣ እናቱ ዐርፈውበት ሐዘን ተቀምጧል የተባለውን ሰው ጀበና ሲጫረት አገኘሁት። ያውም በዚያው የቴሌግራም ጨረታ፣ በዚያው በቀይ ጽጌረዳ ፎቶው። ሰው 550 ሲል እሱ 600፣ ሰው 650 ሲል እሱ 700 ይላል። አርባው እንኳን አልወጣም!

ከሰውየው ጋር ያስተዋወቀን ሬዲዮ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ያለ አንድ ሻጭ የድሮ ሬዲዮ ለጨረታ አወጣ፤ ባለ እንጨት ሳጥን፣ አባቴ ፒያሳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያዳምጠው የነበረውን ዓይነት። “ጥቅም ላይ የዋለ፣ ግን እንደ አዲስ” ይላል። መነሻው 2,000 ብር። እኔ 2,200 ስል ባለጽጌረዳው 2,500፤ እኔ 3,000 ስል እሱ 3,300። እንዲህ ስንተናነቅ አምሽተን እኔ 5,800 ላይ እጅ ሰጠሁ፣ እሱ በ6,000 አሸነፈ። በማግሥቱ ጠዋት ሻጩ በውስጥ መስመር መጣ። አሸናፊው እናቱ ድንገት ዐርፈውበት ወደ ገጠር ሄዷል፤ እኔ ከፈለግሁ ግን በመጨረሻ በጠራሁት ዋጋ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነው። የጎንደር ሰው መርዶ ሲሰማ ምን ያደርጋል? “ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናው በልልኝ” ብዬ ጻፍሁና 5,800 ብሩን በቴሌብር ላክሁ።

ሬዲዮው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ ደረሰ። ከፍቼ ባየው በውስጡ ያለው አንድ የተቆረጠ ሽቦና አንድ የሞተ በረሮ ነው። ሳጥኑ በእርግጥ እንደ አዲስ ነው፤ በዚህ አልዋሸም። ገንዘቤን ብጠይቀው “የተሸጠው በፎቶው እንደሚታየው ነው” አለኝ። በፎቶው ላይ በረሮው አይታይም ነበር።

“ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ” የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ በጅቡ ድፍረት ይስቃል። እኔን የሚገርመኝ ግን አንጣፊው ነው። ጅብ እኮ ጠረኑ ከሩቅ ይሸታል፣ አካሄዱም ያነክሳል፤ ታዲያ ቁርበቱን ይዞ እየሮጠ የሚወጣው ማን ነው? ጠዋት ቁርበቱ ተበልቶ ሲገኝስ ለማን አቤት ይባላል? እኔ ደግሞ ማንጠፉ አልበቃ ብሎኝ ለጅቡ ልቅሶ ደረስሁ።

ቅዳሜ ገበያ ቢሆን እንዲህ አልሆንም ነበር። ቅቤውን ጥፍር ላይ አድርገህ ታሸትታለህ፣ ማሩን ከመዳፍህ ትልሳለህ፣ የዶሮዋን ደረት ዳብሰህ ትገዛለህ። ሻጩ ቢያታልልህም በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ቦታው ላይ ታገኘዋለህ፤ ፊቱም ጽጌረዳ አይደለም።

ለነገሩ ጨረታ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ44ቱ ታቦት ከተማ ያደገ ሰው የስለት ጃንጥላ ሲጫረቱ ያላየ የለም። እዚያ ዋጋ ማናር ጽድቅ ነው። ጃንጥላው ያን ያህል እንደማያወጣ ሁሉም ያውቃል፤ ያሸነፈው “መልሼ ሰጥቻለሁ” ይላል፣ እልል ይባላል፣ እንደገና ጨረታ ይቀጥላል። እዚያም ቢሆን ግን አንድ ጎረቤቴ አለ። በአንድ ዓመታዊ በዓል እኔ 1,900 ስል እሱ በሰው ሁሉ ፊት 2,000 ብሎ አሳፈረኝ። እልልታውን ወሰደ፣ ጃንጥላውንም ወሰደ፤ ገንዘቡን ግን እስከ ዛሬ አልከፈለም ይባላል። ዝናብ በጣለ ቁጥር በደጄ በኩል ያልፋል፤ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ሰላምታም ሰጥቶ። ዝናብ ጠልቻለሁ።

የፈረንጆቹ የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ኢቤይ በእነሱ አቆጣጠር በ1995 ሲጀመር መሥራቹ ፒዬር ኦሚድያር ከሸጣቸው የመጀመሪያ ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር መጠቆሚያ ነበር፤ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ሰውየው ግራ ቢገባው “የተሰበረ መሆኑ ገብቶሃል?” ብሎ ገዢውን ጠየቀ። ገዢውም የተሰበሩ መጠቆሚያዎች ሰብሳቢ ሆኖ ተገኘ። ሻጭ ስለ ስብራት ገዢውን ሲያስጠነቅቅ! ዛሬ በዚያ ገበያ ሻጭ ራሱም ሆነ ወዳጁ በገዛ ዕቃው ላይ ዋጋ እንዳይጨምር በደንብ ተከልክሏል። የሚከለከለው የሚደረግ ነገር ነውና በእነሱም ዘንድ ጽጌረዳ ይበቅላል ማለት ነው።

ጀበናውን ረሳሁት። ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል ስልኩን አየት አደረገችና “አንተ ሰው፣ ጀበና እኮ ሦስት አለን” አለችኝ። ልገዛ እንዳልሆነ፣ የሐዘንተኛውን ጤንነት ለማጣራት ብቻ እንደሆነ ነግሬያት 750 ብዬ ጻፍሁ። ጽጌረዳው ትንፋሽ ሳይወስድ 800 አለ። በርትቷል። ጨረታው ነገ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ከነገ ወዲያ ጠዋት ደግሞ የሚያርፉት አባቱ ናቸው መሰለኝ።