ሶሻል ማስጠናት ካርታና ዘመን ላይ ነው

አንድ ጽሑፍ «ለሶሻል (ለኅብረተሰብ ትምህርት) አስጠኚ መቅጠር ብር ማባከን ነው፣ ልጁ ራሱ ይሸምድደው» ይላል። ለሽምደዳው ከሆነ እስማማለሁ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች የሚሳሳቱት ግን ካርታና ዘመን ላይ ነው፤ እሱን የሚያርመው ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጦ ስሌቱን መስመር በመስመር የሚያይ ሰው ነው።

በ1:50,000 ስኬል 1 ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው። ብዙዎቹ 5 ኪሎ ሜትር ብለው ይጽፋሉ፤ 50,000 ሴንቲ ሜትሩን ወደ ኪሎ ሜትር ሲቀይሩ በ100,000 ማካፈል ሲገባቸው በ10,000 ያካፍላሉ። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን ርቀት ደግሞ ማስመሪያ ጋድመው ይለኩና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን መንገድ ግማሽ ያደርጉታል። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ በማስመሪያ አይለካም! ክር በመንገዱ ላይ እያጠፉ አስኪዶ፣ ከዚያ ዘርግቶ መለካት ነው።

ዘመን ላይ የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጆቹ ሲቀይሩ ሁሉንም 8 ይደምራሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። ጥሩ መፈተኛ፦ የጣሊያን ወረራ መስከረም 1928፣ የማይጨው ጦርነት መጋቢት 1928። በፈረንጆቹ የመጀመሪያው 1935፣ ሁለተኛው 1936 ነው። ልጁ ለሁለቱም 1936 ካለ ወሩን አላየም ማለት ነው።

መልሱን ቶሎ አትንገሩት፤ እርሳሱ የት እንደቆመ እዩ። የሥነ ዜጋውን ክፍል ለብቻው ያንብበው፣ ለዚያ አስጠኚ አያስፈልግም።