ለሉዊዚያና ሄይቲም ትመስገን
አሜሪካ ከፈረንሳይ ሰፊ ግዛት የገዛችበት የሉዊዚያና ግዢ የፕሬዚዳንት ጄፈርሰን አርቆ አሳቢነት ውጤት ነው የሚለው ጽሑፍ አልተዋጠልኝም። ጄፈርሰን መልእክተኛውን ሞንሮን ፓሪስ የላከው ኒው ኦርሊንስንና ፍሎሪዳን እንዲገዛ ነበር። ጭንቁ የሚሲሲፒ ወንዝ ንግድ እንዳይዘጋ ነው። ሰፊውን ግዛት ልሽጥላችሁ ያለው የፈረንሳዩ መሪ ናፖሊዮን ራሱ ነው! ለምን? የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበረችው ሄይቲ ውስጥ ከባርነት የተላቀቁ ሰዎች ጦሩን ስላደቀቁት፣ የተረፈውንም ቢጫ ወባ ስለጨረሰው ነው። ሉዊዚያናን የፈለጋት ለሄይቲ ስንቅ እንድታቀርብለት ነበር፤ ያለ ሄይቲ ምን ታደርግለታለች? እ.ኤ.አ. በ1803 በ15 ሚሊዮን ዶላር ለቀቃት። ጄፈርሰንን የማደንቀው ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድልኛል ወይ እያለ ተጨንቆም ዕድሉን ስላላሳለፈ ነው። ጽሑፉ ግን ሄይቲን አንዴም አላነሳም። ከላይ በአስተያየትህ "ባዶ መሬት ነበር" ላልከው ወንድሜ፣ ኦሴጅና ላኮታን የመሳሰሉ ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት አገር ነው። ፈረንሳይ የሸጠችው የይገባኛል ጥያቄዋን እንጂ በእጇ የያዘችውን መሬት አልነበረም።